አባትሽ አስፕሪኑን ያቁሙ፤ አክስትሽ ግን እንዳያቆሙ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አባዬ 71 ዓመቱ ነው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ግፊት አለበት፤ አምሎዲፒን ይወስዳል። ልቡን ታሞ አያውቅም፤ ስትሮክም መትቶት አያውቅም። ከ9 ዓመት በፊት ‹ለልብህ ይጠቅምሃል› ተብሎ በየቀኑ አንድ የ100 ሚሊግራም አስፕሪን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ይረሳ እንደሆን እንጂ እሷን አይረሳም። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ዳይክሎፌናክ እየገዛ ይውጣል። ከሰዓት በርጫ አይቀርበትም። ባለፈው ወር ለግፊቱ ያየችው አዲሷ ሐኪም ‹አስፕሪኑን ከእንግዲህ ተወው› አለችው። ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤት ‹ድንገት ከተወው ስትሮክ ይመታዋል› ይላል። እማዬ 58 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፤ እሷም ከአባዬ ካርቶን እያነሳች ትወስዳለች። ይባስ ብሎ ሐረር ያለችው አክስቴ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ልቧ ላይ ስቴንት የገባላት፣ ወሬውን ሰምታ ‹እኔም ልተወው› እያለች ነው። ማንን እንመን?»

መልስ፦ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ይህን ማንበብ ከመቀጠልሽ በፊት ሐረር ደውይ። አክስትሽ አስፕሪናቸውን እንዳያቆሙ። አቁመው ከሆነና የመድማት ምልክት ከሌለባቸው ዛሬውኑ ይቀጥሉ፤ ነገ ጠዋት የልብ ሐኪማቸውን ያግኙ።

ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ስር ውስጥ ገብቶ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ ነው። ፕላትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች ሥራቸው ቁስል ያለበት ቦታ ተሰብስበው ደም እንዲረጋ ማድረግ ነው። ብረቱም ላይ እንደዚያው ሊሰበሰቡ ይሞክራሉ። አስፕሪን ይህን ይከለክላቸዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊደፈን ይችላል። ያ ደግሞ ሃርት አታክ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከባዱ ዓይነት። ስቴንት የገባለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የሚባል ሌላ መድኃኒት አብሮ ይወስዳል። ከዚያ አንዱ ይቆምና ሌላው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። የትኛው ይቁም የሚለውን የሚወስነው የልብ ሐኪማቸው ነው። የአባትሽ ሐኪም አይደለችም። እኔም አይደለሁም። አባትሽማ ጭራሽ።

ደወልሽ? እሺ፣ አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ።

ሐኪሟ ልክ ናት። የዛሬ 9 ዓመት ያዘዘላቸውም ሐኪም ቢሆን አላጠፋም፤ በጊዜው የነበረው ዕውቀት እንደዚያ ይል ነበር። ታሪኩን ባጭሩ ልንገርሽ፤ ቤት ውስጥ ያለው ክርክር የሚፈታው እሱን ሲያውቁ ይመስለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1989 አሜሪካ ውስጥ በ22,071 ወንድ ሐኪሞች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። ቀን እየዘለሉ አስፕሪን የወሰዱት ሐኪሞች ላይ ሃርት አታክ በ44 በመቶ ቀነሰ። ይህን የሰማ ዓለም ሁሉ አስፕሪን መዋጥ ጀመረ። ሐኪሙም፣ በሽተኛውም፣ ጤነኛውም። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ያልተወራ ነገር ነበር። በልብና በደም ስር በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር በአጠቃላይ ሲታይ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሰው ብዙ ነበር። ግፊቱ በደንብ የተያዘለት ሰው ጥቂት ነበር። ኮሌስትሮል የሚቀንሱት ስታቲኖች ገና መምጣታቸው ነበር። እነዚህ ነገሮች ሲስተካከሉ አስፕሪን የሚጨምረው ጥቅም አነሰ። የሚያመጣው መድማት ግን አላነሰም፤ እንዲያውም ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል።

በ2018 ሦስት ትልልቅ ጥናቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ወጡ። አንደኛው የተሠራው ልክ እንደ አባትሽ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ 19,114 አዛውንቶች፤ አብዛኞቹ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ፤ ልባቸውን ታመው የማያውቁ። ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊግራም አስፕሪን ወሰዱ፤ ያው የአባትሽ መጠን። ግማሾቹ ደግሞ አስፕሪን የሚመስል ባዶ ኪኒን። አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታተሏቸው። ከ1,000 ሰው መካከል በዓመት በልብና በደም ስር በሽታ የተያዙት አስፕሪን ከሚወስዱት 10.7፣ ባዶውን ከሚወስዱት 11.3 ሆኑ። ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚም የሚመጣ ነው። ከባድ መድማት ግን አስፕሪን በሚወስዱት 8.6፣ በሌሎቹ 6.2 ሆነ። ይሄኛው አጋጣሚ አይደለም። ከአንጎልም ከጨጓራም የሚፈስ ደም ነው።

በ2019 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ልቡን ታሞ የማያውቅ ሰው ከ70 ዓመት በኋላ አስፕሪን እንዲሁ በዘልማድ እንዳይሰጠው መከሩ። በ2022 ደግሞ መከላከልን የሚመለከተው የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለመከላከል ብሎ አዲስ እንዳይጀምር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ሰው «ይሄ ስለመጀመር ነው፤ አባዬ ጀምሮ 9 ዓመቱ ነው» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው የ2022 ቡድን ቀድሞ ለጀመረ ሰው 75 ዓመት አካባቢ ማቆም ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ጠቅሷል። ታዲያ እኔ በ71 ለምን ከሐኪሟ ጋር እስማማለሁ? በአባትሽ ምክንያት ነው። ዕድሜ፣ ግፊት፣ ዳይክሎፌናክ። ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ተሰብስበዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይሄኛው የራሴ ነው። እነዚያ ጥናቶች የተሠሩት የሚደማ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደም በሚያገኝበትና ሆዱ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ በሚታይበት አገር ነው። እኛ ጋ ለአንድ የሚደማ አዛውንት ደም ለማግኘት ዘመድ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ጨጓራ የሚያቆስለው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም እኛ ዘንድ እነሱ ዘንድ ካለው በጣም ይበዛል። ስለዚህ እነሱን ያሰጋው መድማት እኛን የበለጠ ሊያሰጋን ይገባል እላለሁ።

«ሽፋን ያለው ኪኒን ነው፤ ጨጓራ አይነካም» የሚል ፋርማሲ ያጋጥምሻል። አትመኚበት። አስፕሪን ጨጓራን የሚጎዳው ሲያርፍበት ብቻ አይደለም። ከአንጀት ደም ውስጥ ገብቶ፣ ዞሮ ተመልሶ፣ የጨጓራ ግድግዳ ራሱን የሚጠብቅበትን ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋል። ሽፋኑ ማቃጠሉን ያስታግስ ይሆናል፤ መድማቱን ግን አያስቀርም።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ፍርሃት። ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2017 ስዊድን ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ አስፕሪን ተጠቃሚዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ያቋረጡት ሰዎች ላይ የልብና የስትሮክ አደጋ ከቀጠሉት በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከባዱ ጭማሪ ግን የታየው እንደ አክስትሽ ቀድሞ ልባቸው የታመመ ሰዎች ላይ ነው። እንደ አባትሽ ያሉት ላይ የታየው በጣም ያነሰ ነው። ደግሞም ይህ ጥናት ሰዎች በራሳቸው ሲያቋርጡ አይቶ የመዘገበ ነው። በዕጣ ከፍሎ አላወዳደረም። ያቋረጠው ሰው ለምን እንዳቋረጠ፣ ግፊቱን ትቶ ይሁን፣ ሌላ ሕመም ገብቶበት ይሁን በደንብ አይታወቅም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ስለ አክስትሽ ቢናገሩ እውነት ነበራቸው። የተናገሩት ግን ስለ አባትሽ ነው። የጎረቤት መነጽር ተውሶ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው የለም፤ መድኃኒትና የመድኃኒት ምክር ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም እንዋዋሳለን።

እንዴት ይቆማል? በአንድ ቀን። ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ቀን እየዘለሉ መውሰድ፣ ግማሽ ማድረግ አያስፈልግም። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን አይሠራም። ዕድሜው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። አባትሽ ዛሬ ቢያቆሙ አዳዲሶቹ ፕላትሌቶች በየቀኑ እየተተኩ በሳምንት ከምናምን ውስጥ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰውነታቸው ራሱ ቀስ እያለ ያቆመዋል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ካቆመ በኋላ «ደሜ ወፈረ መሰለኝ» ብሎ ይመለሳል። አስፕሪን ደምን አያቀጥንም፤ ሲተውም ደም አይወፍርም። ፕላትሌቶቹ እንዳይያያዙ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው።

በጥያቄሽ መሃል እንደዘበት ጣል ያደረግሻት ነገር ግን ከአስፕሪኑ ይልቅ አስጨንቃኛለች። ለጉልበታቸው የሚገዙት ዳይክሎፌናክ። ከአስፕሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ከሁለት ወገን ያጠቁታል። ብቻውንም ቢሆን ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለልብም ጥሩ አይደለም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 የልብ ደም ስር በሽታ ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው ጭራሽ እንዳይወስደው አስጠንቅቋል። አየሽ፣ አባትሽ ጠዋት ለልባቸው ብለው አንድ ኪኒን ይውጣሉ፤ ማታ ለጉልበታቸው ብለው ልባቸውን የሚፈታተን ሌላ ኪኒን ይደርባሉ። አስፕሪኑን ትተው ዳይክሎፌናኩን ከያዙ ምንም አልሠራንም። ለጉልበት ፓራሲታሞል ይሞክሩ። በልኩ ግን፤ በቀን ከ3 ግራም፣ ማለትም ከ6 የ500 ሚሊግራም ኪኒን እንዳይበልጥ። ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ የተሻለ ነው። የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደፊት ቀጥ አድርጎ ይዞ ማቆየት፣ ከዚያ ማውረድ። ነጻ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይሠራውም።

አክስትሽም ራሳቸውን ወይም ወገባቸውን ሲያማቸው አይቡፕሮፌን እንዳይውጡ። አይቡፕሮፌን አስፕሪን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ሥራውን ያበላሽበታል። አስፕሪናቸውን በሥርዓት እየወሰዱ፣ እንዳልወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ አስፕሪኑ ከቀረ የአባትሽን ልብ ማን ይጠብቀው? ቤት ውስጥ ያለው ትልቁ ፍርሃት ይሄ ይመስለኛል። መልሱ ቀድሞም ቤት ውስጥ ነበር፤ አምሎዲፒኑ ነው። ግፊታቸው ቢያንስ ከ140/90 በታች፣ ከተመቻቸው ደግሞ ወደ 130/80 ከወረደ ከአስፕሪኑ የሚያገኙትን ብዙ እጥፍ አገኙ ማለት ነው። ለስትሮክም ያው ነው። እንዲያውም ግፊቱ ያልተያዘ ሰው አስፕሪን ሲወስድ አንጎል ውስጥ የመድማት አደጋው ይጨምራል። «ስትሮክ እንዳይመታኝ» ብሎ አስፕሪን የሚውጥና ግፊቱን ለወራት የማይለካ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ።

ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በርጫ ላይ የዋለ ሰው አመሻሽ ላይ ግፊቱን ቢለካ ቁጥሩ አያስተማምንም። ጫት ልብ ያስሮጣል፤ ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጠዋት ይለኩ። ሽንት ተሸንቶ፣ ቡና ሳይጠጣ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ከተቀመጡ በኋላ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብ እኩል ከፍታ። ሁለቴ ይለኩና ሁለቱንም ጻፉት። የሳምንት ጽሑፍ ይዘው ቢሄዱ ሐኪሟ ታመሰግናችኋለች።

አቦ፣ ድሬ ተቀምጬ «በርጫ ይቅር» ብል ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ቢቀር ግን ደስ ይለኛል። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ጫትን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል፤ ብዙ የሚቅም ሰው ላይ ይብሳል። ካልቀረ ቢያንስ ምሳ በልተው ይቀመጡ። ሰዓቱን ያሳጥሩ። ከጫቱ ጋር የሚመጣው ሲጋራ ካለ ግን እዚያ ላይ አልደራደርም። ልብ ላይ ሲጋራ የሚያደርሰውን ጉዳት አስፕሪን አይመልሰውም።

ስታቲን የሚባለውንም ጠይቁ፤ አቶርቫስታቲን በብዛት ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ለየአካባቢው የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለ። የእኛም አካባቢ የራሱ አለው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይገቡበታል፤ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ያለውን የልብና የስትሮክ ዕድል ይሰጣል። ላቦራቶሪ ለሌለው ቦታ ያለ ኮሌስትሮል የሚሠራም አለው። ሐኪሟ አስልታ ታሳያችሁ። አባትሽ ቁጥሩን በዓይናቸው ካዩ አስፕሪኑን መተው ይቀላቸዋል።

እናትሽ ጋ እንምጣ። ጉዳያቸው ከሁለቱም ይለያል። መጀመሪያ ነገር፣ ከባላቸው ካርቶን ማንሳቱ ዛሬ ይቁም። ሁለተኛ፣ ስኳር ላለበት ሰው መልሱ እንደ አባትሽ ቁርጥ ያለ አይደለም። ከ2018ቱ ጥናቶች አንዱ ስኳር ያለባቸው ግን ልባቸውን ያልታመሙ 15,480 ሰዎችን 7 ዓመት ከምናምን ተከታትሏል። አስፕሪን ከወሰዱት 8.5 በመቶው፣ ካልወሰዱት 9.6 በመቶው ከባድ የልብ ወይም የደም ስር ችግር ገጠማቸው። ከባድ መድማት ደግሞ 4.1 በመቶ በ3.2 በመቶ። በ1,000 ሰው ብናስበው 11 ሰው ተረፈ፤ 9 ሰው ደማ። የተረፈውና የደማው ሰው ደግሞ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በእናትሽ ዕድሜ ውሳኔው ከሐኪም ጋር ተቀምጦ የሚወሰን ነው። ጨጓራቸው ደምቶ ያውቃል? ኩላሊታቸው እንዴት ነው? ግፊትስ አላቸው? የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ አለ? እኔ ብሆን ቀድሜ የማየው ስኳራቸው፣ ግፊታቸውና ስታቲን መጀመራቸው ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ስኳር ላለበት ሰው ስታቲን ከአስፕሪን ይቀድማል። ሐኪማቸው አስፕሪኑን ከመረጠ ኤች ፓይሎሪ ይመርመሩ፤ የሰገራ ምርመራ ይበቃል። ከተገኘ ታክሞ ይጥፋ፤ ከዚያ ይጀምሩ።

ይህን የምታነቡ ሌሎችም እንዳትሳሳቱ። በሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት የልባቸው በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ የተጎዳባቸው ልጆችና ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ አስፕሪን፣ አንዳንዶቹ ዋርፋሪን የሚባል ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህ መልስ እነሱን አይመለከትም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለውን፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን፣ ስትሮክ መትቶት የተረፈውን ሰውም አይመለከትም። ነፍሰ ጡር ሆና የእርግዝና ግፊት እንዳይመጣባት አነስተኛ አስፕሪን የታዘዘላትም ትቀጥል። ጥርስ ሊነቀል የሄደ ሰውም በራሱ አያቋርጥ፤ ይናገር እንጂ።

ድሬ የሚኖር ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የማያነሳው ጉዳይ አለበት። ደንጊ፣ በትንኝ የሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ። በ2013 ከተማው ላይ የወረደውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከዚያ በኋላም ተመላልሷል። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ፣ እሱም በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ ስንቱን ቤት አልጋ ላይ አዋለው። ደንጊ ፕላትሌትን ይቀንሳል። አስፕሪን የቀሩትን ከሥራ ያስወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንኩ። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ፤ የወባም ምርመራ። ልጆች ላይ ደግሞ ትኩሳት ባለበት አስፕሪን ጭራሽ አይሰጥም። አክስትሽ ድሬ ወርደው ሳለ ትኩሳት ቢይዛቸው በራሳቸው አይወስኑ። ያኑ ቀን ሆስፒታል ሄደው ቀድመው «ልቤ ላይ ስቴንት አለ» ይበሉ። ፕላትሌታቸውን ቆጥሮ የሚወስንላቸው ሐኪም ነው።

አባትሽ ካቆሙ በኋላም ቢሆን ለመጀመሪያው ሳምንት ዓይናችሁ ይኑር። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ ያለ ምክንያት የመጣ ድካምና ሲነሱ ዓይን ማጨለም ካለ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ የቀረበውን። የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ እሱ ሌላ ነው፤ ግን መለየቱን ለሐኪም ተዉለት።

ካርቶኑን ግን አትጣሉት። ጥቂት ኪኒን ቤት ይቀመጥ። አባትሽ አንድ ቀን ደረታቸውን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመም ቢሰማቸው 3 የ100 ሚሊግራም ኪኒን አኝከው ይዋጡ። አኝከው፤ እንዲሁ መዋጥ ያዘገየዋል። እያኘኩ ወደ ሆስፒታል። ባጃጅም ቢሆን። የመድማት ታሪክ ካለባቸው ወይም አስፕሪን የማይስማማቸው ከሆነ ይህን አያድርጉ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ምንም አትስጧቸው። ስትሮክ የደም መፍሰስም ሊሆን ይችላል፤ አንጎል በሲቲ ስካን ሳይታይ አስፕሪን አይሰጥም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሦስቱንም መድኃኒት በየራሱ ፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሱቅ የተገዛውንም፣ ዘመድ የላከውንም። ከጅቡቲ የሚመጣ ካርዴጂክ የሚባል በትንንሽ ከረጢት ያለ ዱቄት አለ። ብዙ ሰው ቫይታሚን ይመስለዋል። አስፕሪን ነው። አባትሽ ኪኒኑን ትተው እሱን በውኃ በጥብጠው እየጠጡ እንዳይሆን መሳቢያውን ፈትሺ።